ጋባዡ ማን ነው? የካቶሊክ ተማሪዎች የባሕር ማዶ አገልግሎት ታሪክ

ኦገስት 17 ቀን 1961 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ባለው የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ የመነኮሳትና የደናግል ማኅበራት አለቆች ተሰብስበው ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከቫቲካን የተላኩት ሞንሲኞር አጎስቲኖ ካዛሮሊ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛን ጥሪ አሰሙ፦ በዐሥር ዓመት ውስጥ ከየማኅበሩ አባላት ከመቶ ዐሥሩ ወደ ላቲን አሜሪካ ይሂዱ። አንዱ ምክንያት የካህናት እጥረት ነው። ሌላው የኮሙኒዝም ስጋት ነው፤ ካስትሮ ኩባን ከያዘ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም።

ጥሪው ለመነኮሳት ይሁን እንጂ ተማሪዎችም ሰምተውታል። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በጎ ፈቃደኞችን ወደ ውጭ አገር የሚልከውን የሰላም ጓድን አቋቁመው ሰርጀንት ሽራይቨርን ሾመውበታል፤ ሁለቱም ካቶሊኮች ነበሩ። በካቶሊክ ኮሌጅ የሚማር ወጣት ከሮምም ከዋሺንግተንም «ተነሥ፣ ሂድ» የሚል ድምፅ በአንድ ዓመት ሰማ ማለት ነው። የአሜሪካና የካናዳ ካቶሊክ ተማሪዎች የትምህርት ዕረፍታቸውን በሜክሲኮ ገጠር እያገለገሉ እንዲያሳልፉ የሚያሰማራው፣ በምህጻሩ ሲያስፕ የሚባለው ኅብረት የተስፋፋው በዚህ ግለት ውስጥ ነው።

ይኸው ኅብረት ለኤፕሪል 20 ቀን 1968 አባ ኢቫን ኢሊችን ንግግር እንዲያደርጉለት ጋበዘ። ኢሊች ቪየና ተወልደው ኒው ዮርክ ውስጥ የፖርቶ ሪኮ ስደተኞችን ያገለገሉ ቄስ ነበሩ። ሜክሲኮ፣ ኩዌርናቫካ በከፈቱት ማሠልጠኛ ወደ ላቲን አሜሪካ የሚመጡ ካህናትና በጎ ፈቃደኞች እስፓኝኛ ይማሩ ነበር። ከቋንቋው ጋር ግን ሌላ ነገርም ይማራሉ፤ «መምጣቴ ለማን ይጠቅማል?» ብሎ ራስን መመርመርን። ኢሊች የሰሜኑ ቤተ ክርስቲያን እርዳታ ጉዳት እንዳለው ከዓመት በፊት በካቶሊኩ የኢየሱሳውያን ማኅበር (ጀስዊቶች) መጽሔት ላይ ጽፈዋል። ስለዚህ ተማሪዎቹ የጠሩት ሰው ምን እንደሚላቸው አያጡትም።

እርሳቸውም አልማሯቸውም። ቅን ልብ ብቻውን እንደማያድን፣ እንዲያውም እንደሚጎዳ ነገሯቸው። የገበሬውን ቋንቋ ስለማያውቁ እርሱ ስለነሱ ምን እንደሚያስብ እንኳ መስማት አይችሉም። ሳይታወቃቸው ይዘውለት የሚሄዱት የአሜሪካን የድሎት ኑሮ ነው፤ እርሱ ግን መቼም አይደርስበትም። ከድሆች ጋር መሥራት ከፈለጉ፣ ቢያንስ «ሂዱልን» ብለው በሚገባቸው ቋንቋ ሊመልሷቸው በሚችሉ ድሆች መካከል ይሥሩ። ለማየት፣ ለመማር፣ በተራራውና በአበባው ለመደሰት ይምጡ፤ ለመርዳት ብለው ግን አይምጡ። ንግግሩ ዛሬም በየኮሌጁ ተማሪዎች ከመጓዛቸው በፊት ይነበባል። እኔ ግን ከንግግሩ እኩል የሚደንቀኝ የአድማጮቹ ነገር ነው። ሥራቸውን እንደሚያፈርስባቸው እያወቁ ጠርተው፣ ተቀምጠው ሰሙት። ይህን የሚያደርግ ድርጅት ዛሬም ብዙ አይገኝም።

በዚህ ላይ የካቶሊክ ተማሪዎች አገልግሎት የጀመረው ባሕር ተሻግሮ አይደለም። ፓሪስ በኮሌራ በተመታች ማግስት፣ በ1833፣ የ20 ዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፍሬዴሪክ ኦዛናምና ጥቂት ጓደኞቹ የድሆችን ቤት እየዞሩ መጎብኘት ጀመሩ። ለድሆች መንደር እንግዳ ስለነበሩ አካሄዱን ያሳየቻቸው ሠፈሩን ጠንቅቃ የምታውቀው ሲስተር ሮዛሊ ሮንዱ ነች። የቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል ማኅበር ከዚህ ተነሥቶ ነው ዓለምን ያዳረሰው።

ታዲያ ኢሊች ሙሉ በሙሉ ትክክል ነበሩ? እዚህ ላይ ጂን ዶኖቫን ትመጣብኛለች። አሜሪካዊት ናት። በኮሌጅ ዘመኗ አንድ ዓመት አየርላንድ፣ ኮርክ ዩኒቨርሲቲ ተማረች፤ ፔሩ ውስጥ የሠሩ አንድ ቄስ አግኝታም የድሆችን ነገር ከልቧ ያዘች። ተመልሳ ክሊቭላንድ ውስጥ በአንድ ትልቅ የሒሳብ ምርመራ ድርጅት ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ ይዛ ነበር። በ1979 እርሱን ትታ ከሀገረ ስብከቱ ቡድን ጋር ወደ ኤል ሳልቫዶር፣ ላ ሊበርታድ ሄደች። አገሪቱ በደም ስትታጠብ ወዳጆቿ ተመለሺ አሏት፤ እርሷም ልትመለስ አስባ ነበር፤ ወላጅ ያጡትን ሕፃናት ጥላ መሄድ ግን አልሆነላትም። ዲሴምበር 2 ቀን 1980 ከሲስተር ዶሮቲ ኬዝል ጋር ከኒካራጓ የሚመለሱ ሁለት የሜሪኖል ደናግልን፣ አይታ ፎርድንና ሞራ ክላርክን፣ ሊቀበሉ በመኪና ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዱ። ከዚያ ሲመለሱ የብሔራዊ ዘቡ ወታደሮች አራቱንም ይዘው ገደሏቸው። ጂን 27 ዓመቷ ነበር። ሕዝቡ መሸሽ ከማይችልበት አደጋ ሳይሸሽ አብሮ የቆየን ሰው ኢሊች ከገለጿቸው መንገደኞች ጋር አንድ ላይ መቁጠር አልችልም።

በዚያችው አገር ኖቬምበር 16 ቀን 1989 ወታደሮች ሳን ሳልቫዶር ወዳለው የኢየሱሳውያን ዩኒቨርሲቲ ሌሊት ገብተው ስድስት ካህናትን፣ የቤት ሠራተኛቸውንና ልጇን ገደሉ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ተማሪዎች አንድ ሙሉ መንፈቀ ዓመት የሚቀመጡበት ፕሮግራም ተከፈተ። ተማሪው ከሳልቫዶር ተማሪዎች ጋር በአንድ ቤት ይኖር፣ ሳምንቱን ከፍሎ ይማር፣ በቀረው ቀን ድሆች መንደር ይውል ነበር። እዚያ ግንብ አይገነባም፣ ክሊኒክ አይከፍትም፤ ይሰማ ነበር። የኢየሱሳውያን ጠቅላይ አለቃ ፒተር ሃንስ ኮልቬንባክ በ2000 ሳንታ ክላራ ዩኒቨርሲቲ ላይ ሲናገሩም ከድሃ ጋር መተባበርን ሰው ከጽንሰ ሐሳብ ሳይሆን ከሰው ጋር ተገናኝቶ ነው የሚማረው ብለዋል። ለእኔ ይህ ለኢሊች የተሰጠ መልስ ነው፤ ከነወቀሳቸው ተቀብሎ የተሰጠ መልስ።

የእኛ አገር የኢትዮጵያ ታሪክም እንግዳ የሚጠቅመው ጋባዡን ሲሰማ መሆኑን ቀድሞ ያውቀዋል። በ1603 የመጡት ኢየሱሳዊው አባ ፔድሮ ፓኤዝ አማርኛና ግዕዝ ተምረው፣ ቀስ ብለው፣ የአገሬውን ሰው እያከበሩ ሠሩ። በ1625 የተተኩት አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ ሥርዓቱ እንደ ሮም ይሁን አሉ። የፈሰሰውን ደም እናውቃለን። ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 የአባቶቻችሁ ሃይማኖት ተመልሶላችኋል ብለው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ።

ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው ሲመለሱ ግን ነገሩ ተቀይሯል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ካናዳውያን ኢየሱሳውያንን ለማስተማር ሲጋብዙ የካህን ልብስ እንዳይለብሱ፣ ሃይማኖት እንዳይሰብኩ አደረጉ። እነሱም ተቀበሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 የተመሠረተው በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት እንዲህ ባለ ውል ነው። ጋባዡ ውል ሲያስይዝ እንግዳው ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በ1962 ክረምት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓዶች መጡ፤ 280 ይጠጋሉ። ኢየሱሳውያን በሚያስተዳድሩት የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሠልጥነው፣ አማርኛ ጀማምረው፣ በየክፍለ ሀገሩ ሁለት ሁለት ዓመት ሊያስተምሩ ነው የመጡት። ስማቸውን ዛሬም የሚያነሡ ሽማግሌ ተማሪዎቻቸው አሉ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቃወሟቸው ተማሪዎችም የእኛው ነበሩ፤ ያም ጋባዡ የሚናገርበት አንዱ መንገድ ነው። ከ1964 ጀምሮ የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲያችን የራሱን ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ገጠር ልኮ እንዲያስተምሩ ማድረጉም ኢሊች ከተናገሩት አራት ዓመት ይቀድማል።

ዛሬ በአሜሪካ ካቶሊክ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ የኢትዮጵያውያን ልጆች እንዲህ ያለ ጉዞ ላይ «ልመዝገብ?» ብለው ወላጆቻቸውን ይጠይቃሉ። እኔ ሂዱ እላለሁ፤ ከመመዝገባቸው በፊት ግን አስተባባሪውን የሚጠይቁት አለ። ማን ጠራችሁ? ስንት ሳምንት ነው? ቋንቋውን የሚያስተምረን ማን ነው? ቀለሙን የምንቀባው እኛ ከሆንን የመንደሩ ቀለም ቀቢ ምን ይበላል? ዐሥር ቀን የምናስተምራቸውን ልጆች በዐሥራ አንደኛው ቀን ማን ይረከባቸዋል? እዚህ ያለነው አስተናጋጆችም ቁምስናም ሆነ ትምህርት ቤት፣ እንግዳው ስጦታ ስላመጣ ብቻ አፋችንን መያዝ የለብንም። የሚመጣበትን ወር፣ የሚሠራውን ሥራ፣ የሕፃናትን ፎቶ ማንሳት እንደማይፈቀድ በጽሑፍ ብንልክለት፣ በእውነት ሊያገለግል ያሰበው በዚህ ምክንያት አይቀርም።