ቅኔ ቤት (ጎጃም)
በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት የግዕዝ ቅኔ የሚሰጥበት ጉባኤ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ከደብረ ማርቆስ ብዙም የማይርቀው ደብረ ኤልያስ ስመ ጥር ናቸው። ተማሪው ከወላጆቹ ርቆ፣ እየለመነ አድሮ፣ መምህሩን ራሱ ይመርጣል፤ ካልተስማማው ወደ ሌላ ጉባኤ ይሻገራል። ከባለ 2 ቤቷ (ቤት የቅኔ መስመር ነው) ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ባለ 8 ቤቱ መወድስ ይወጣል። ብቻውን ሲቆጥር (ሲደርስ) የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ለየኔታ ይነግራል፤ እሳቸው ያርሙለታል እንጂ አይቆጥሩለትም። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ መንገር ነውር ነው። ዛሬ በከተማ «ኮቺንግ» የሚባለው የግል ሥልጠና ሰውን በራሱ ማቆምን እንደ አዲስ ግብ ያነሣዋል፤ ቅኔ ቤት ግን ቀድሞታል፣ ያውም ያለ ክፍያ። ይህ በራስ የመቆም ነፃነት በአብዛኛው የወንዶች ነበር። ዓይነ ስውሯ የጎጃም ሊቅ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ግን ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል።