220 ሲቀነስ ዕድሜ፦ ሕግ የመሰለው ግምት

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር ጠዋት ጠዋት የሚሮጥ የ20 ዓመት ልጅ ስማርት ሰዓት ቢያስር፣ «ከፍተኛው የልብ ምትህ 200 ነው» ሊለው ይችላል። ቁጥሩ ከየት መጣ? 220 ሲቀነስ 20። በቃ!

ቀመሩ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የመጣ ነው። ፎክስ እና ሃስኬል የተባሉ አሜሪካውያን የልብ በሽታን በእንቅስቃሴ ስለመከላከል ሲጽፉ፣ ሌሎች የሠሯቸውን ጥቂት ጥናቶች አሰባስበው በነጥቦቹ መሀል መስመር አሰመሩ። ለሯጭ የወጣ ሕግ አልነበረም እኮ። በ2001 ታናካ እና ባልደረቦቹ 351 ጥናቶችን አገናዝበው ሌላ ቀመር አወጡ፦ ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 መቀነስ። በዚህ ስሌት የ20 ዓመቱ ልጅ 194፣ የ60 ዓመት አባቱ ደግሞ 160 ሳይሆን 166 ይሆናሉ። ይህም ቢሆን አማካይ ነው፤ የሁለት እኩዮች ልብ በ20 ምት ሊለያይ ይችላል።

አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2:15:16 ሲያሸንፍ፣ የፊንላንዱ ፖላር ገመድ አልባ የልብ ምት መለኪያ ሊያወጣ ገና 22 ዓመት ይቀረው ነበር።

ታዲያ ሰዓቱ ቀይ ስላበራ ብቻ አትደንግጡ። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ ሁለት ጣታችሁን የእጅ አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ 60 ሰከንድ ቁጠሩ፤ በየቀኑም መዝግቡት። ልምምድ የለመደ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚገፋ፣ በወራት ውስጥ ቁጥሩ ሲወርድ ታያላችሁ። ለቀናት ከወትሮው ከፍ ካለ ዕረፍት ውሰዱ። ስትሮጡ ደረታችሁን ካመማችሁ ወይም ራሳችሁን ከሳታችሁ ግን ቀመር አያስፈልግም፤ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።