ከጉማ እስከ አዋጅ፦ የጉዳት ካሳ በሐርላና በድሬዳዋ

ከድሬዳዋ ወጣ ብላ በምትገኘው የሐርላ መንደር፣ በአርኪዮሎጂስቱ ቲሞቲ ኢንሶል የተመራ ቡድን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተሠራ መስጊድና የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታዎች በቁፋሮ አግኝቷል። ብር፣ ነሐስ፣ ብርጭቆና የከበረ ድንጋይ ይሠራባቸው ነበር። ድንጋይ መብሳት ሳንባን የሚበላ ሥራ ነው፤ በሕንድ ካምባት ዶቃ የሚሞርዱ ሰዎች ዛሬም በብናኙ ይታመማሉ።

ከጥንቱ ከተማ በኋላ በዚያ ምድር የኖሩት ኦሮሞዎችና ሶማሌዎች ስለ ጉዳት ካሳ የጠራ ሥርዓት ነበራቸው። ኦሮሞው ጉማ፣ ሶማሌው ማግ ይለዋል። በዳዩ ብቻውን አይከፍልም፤ ጎሳው ያዋጣለታል፣ ሽማግሌ ይዳኛል። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ግን “ማን መታ?” ከሚለው ጥያቄ ነው።

በ1895 ዓ.ም. የፈረንሳይ ኩባንያ ከጅቡቲ የዘረጋው ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ ይህ ጥያቄ ተሰናከለ። ሐዲድ እግሩ ላይ የወደቀበት ሰው ማንን ይጠይቅ? ባለ ዕዳው ጎሳ የሌለው ኩባንያ ነው። የሚገርመው ደግሞ ግንባታው ከጅቡቲ ተነስቶ በረሃውን እያቋረጠ ሳለ፣ በ1898 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ምክር ቤት በሥራ ላይ ለደረሰ አደጋ አሠሪው ያለ ጥፋቱም እንዲከፍል የሚያዝ ሕግ ማውጣቱ ነው። ጀርመን በዚህ 14 ዓመት ቀድማት ነበር። የፈረንሳዩ ሕግ የታሰበው ግን ለፈረንሳይ ፋብሪካ እንጂ ለድሬዳዋ የቀን ሠራተኛ አልነበረም። ጭራሽ በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በፈረንሳይ መካከል የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል የፈረንሳይ ዜጋና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ ቆንስሉ ከዳኛው ጎን እንዲቀመጥ አደረገ። ለተጎዳ ሠራተኛ ይህ ምን ያህል ከባድ እንቅፋት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

የኢትዮጵያ ሕግ አቅጣጫ የተለወጠው ቆይቶ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እጅግ አደገኛ የኢንዱስትሪ ሥራ የሚያካሂድ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንዲሆን ደነገገ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆችም በ1968፣ በ1985 እና በ1996 ዓ.ም. እየተተኩ መጡ።

አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪውን “አንተ ነህ ወይ ያጠፋኸው?” ብሎ አይጠይቀውም። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ካልጣሰ ወይም ሰክሮ ሥራ ካልገባ በቀር አሠሪው ኃላፊ ነው። ለምሳሌ ማሽን እጇን የያዘባት የፋብሪካ ሠራተኛ ከሥራ ውጪ ስትሆን የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ለ6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ታገኛለች። ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ የሐኪሞች ቦርድ ስንት በመቶ እንደሆነ ይወስናል። ጣቶቿን አጥታ “15 በመቶ” ተብሎ በወረቀት ሲሰጣት መስማማት ለማንም ቀላል አይደለም፤ ክርክሩም ብዙውን ጊዜ እዚያው ላይ ነው።

አስቸጋሪው የጽሑፍ ውል የሌለው የቀን ሠራተኛ ጉዳይ ነው። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ መብቱን አያሳጣውም ይላል፤ ሆኖም አሠሪው “አላውቀውም” ካለ፣ አብረውት ድንጋይ ሲያወርዱ የዋሉት ሰዎች መጥተው ካልመሰከሩለት ገና የካሳው ስሌት ሳይነሳ ክሱ ይወድቃል።