ስፒም የሚያሳየውና የሚሸፍነው

የሚፕስ ፕሮሰሰር አሰምብሊ የሚማር ተማሪ ፊት ያለው ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ፕሮሰሰር የያዘ ስለሆነ የሚፕስን ትዕዛዝ አያውቅም። ክፍተቱን የሚሞላው ሲሙሌተር፣ ማለትም የአንድን ፕሮሰሰር ሥራ በሌላ ማሽን ላይ የሚያከናውን ሶፍትዌር ነው። ከእነዚህ መካከል በማስተማሪያነት ስሙ የገነነው ስፒም ነው። ጄምስ ላሩስ በ1990 እ.ኤ.አ. በዊስኮንሲን-ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ያስተዋወቀው ሲሆን፣ በፓተርሰንና በሄንሲ የኮምፒውተር አደረጃጀት መማሪያ መጽሐፍ በኩል በብዙ አገሮች ተሰራጭቷል።

ስፒም ትዕዛዞችን አንድ በአንድ እያስኬደ፣ ባለ 32 ቢቶቹን 32 ሬጅስተሮች ከነይዘታቸው ያሳያል። ተማሪው በአንድ መስመር የጻፈው ትልቅ ቁጥር የመጫን ትዕዛዝ ሁለት ሆኖ ሲወጣም ያያል። እያንዳንዱ የሚፕስ ትዕዛዝ ራሱ 32 ቢት ስለሆነ ያን የሚያህል ቁጥር አይችልም፤ አሰምብለሩ፣ ማለትም ጽሑፉን ወደ ማሽን ትዕዛዝ የሚቀይረው ክፍል፣ የላይኛውን 16 ቢት በአንዱ፣ የታችኛውን በሌላው ይጭናል።

የሚሸፍነው ግን አለ።

በቀደምቶቹ የሚፕስ ቺፖች ላይ ከዝላይ ትዕዛዝ ቀጥሎ የተጻፈው ትዕዛዝ ዝላዩ ሳይፈጸም በፊት ይሠራል። ስፒም በተለየ አማራጭ ካልታዘዘ በቀር ይህን ባሕርይ ይተወዋል። ፕሮግራሙ ከስርዓቱ አገልግሎት የሚጠይቅባቸው የስርዓት ጥሪዎቹም የራሱ ናቸው፦ ቪ-0 በተባለው ሬጅስተር 4 ማስቀመጥ ጽሑፍ ያትማል፣ 10 ደግሞ ፕሮግራሙን ይዘጋል።

ለስፒም የተጻፈ ፕሮግራም በጂኤንዩ አሰምብለር ተዘጋጅቶ፣ ፋብሪስ ቤላር በጀመረው ኪውኢሙ በተባለ ሌላ ሲሙሌተር ላይ ሲሄድ ልዩነቱ ይገለጣል። ኪውኢሙ የሚፕስን ትዕዛዝ ተርጉሞ ጥሪውን ለሊኑክስ ያቀርባል። በ32 ቢት የሚፕስ ሊኑክስ የመጻፍ ጥሪ 4004፣ የመውጫው 4001 ነው። ስፒም ጽሑፉ በዜሮ ባይት እንዲያበቃ ሲጠብቅ፣ ሊኑክስ ርዝመቱን በቁጥር ይጠይቃል። በስፒም ቁጥሮች የተጻፈ ፕሮግራም ምንም አያትምም፤ የመውጫ ጥሪውም ስለማይሠራ ከኮዱ መጨረሻ አልፎ ይሄዳል።

ስለዚህ በስፒም የሠራ ፕሮግራም በሊኑክስ ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም። ለጀማሪ ስፒም ይሻላል፤ የትምህርቱ መጨረሻ ግን ያንኑ ፕሮግራም ወደ ኪውኢሙ ማዛወር ቢሆን ተማሪው የፕሮሰሰሩንና የስርዓተ ክወናውን ድርሻ ለይቶ ያውቃል። ፍጥነትን ለመለካት ግን ሁለቱም አይሆኑም፤ ለዚያ እውነተኛው ቺፕ ያስፈልጋል።