በኃይልና በመሣሪያ የሚሸት ሽቶ

የእህቴ ልጅ ከለንደን ስትመጣ ትንሽ የሽቶ ናሙና ይዛልኝ መጣች። «አክስቴ፣ አንቺ የእጣን ነጋዴ ነሽ፤ እስቲ አሽትተሽ ንገሪኝ» አለች። ሽታው ጭስ ነው። ሻይ ቅጠል፣ ትምባሆ፣ ከሥር ደግሞ እጣን አለበት። ለሠርግ የሚቀቡት ዓይነት አይደለም።

የሚሠራው ቦፎርት ለንደን የሚባል ድርጅት ነው፤ ሽቶዎቹን ከእንግሊዝ ታሪክ ጨለማ ጎን ይቀዳል። አንዱ የትራፋልጋር የባሕር ውጊያ ነው፣ ሌላው የለንደን የጂን ስካር። የኔው ስሙ ቪ ኤት አርሚስ ይባላል፤ በላቲን «በኃይልና በመሣሪያ» ማለት ነው። ታሪኩ የንግድ ታሪክ ነው። እንግሊዞች የቻይናን ሻይ በጥሬ ብር መግዛት ሲከብዳቸው ሕንድ ውስጥ ያስመረቱትን ኦፒየም ወደ ቻይና አስገቡ። ቻይና እምቢ ስትል በ1839 ጦርነት ተከፈተ፤ በ1842 ሆንግ ኮንግን አስረክባ አለቀ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

እኔን ያስደነገጠኝ 1839 ነው። እንግሊዞች ኤደን ወደብን የያዙት በዚያው ዓመት በጥር ወር ነው። ከሶማሌ ምድር የሚወጣው ከርቤና እጣን ደግሞ ከበርበራ ተጭኖ ገበያ የሚያገኘው ኤደን ነበር። በ1884 በሶማሌ ጠረፍ ሲሰፍሩም አንዱ ትልቁ ምክንያት የኤደን ጦር ሥጋ እንዳያጣ ነው። ለበግ ብለው አገር ያዙ!

ወደ እኛ ደግሞ በደቡብ በኩል መጡ። በ1907 ከአጼ ምኒልክ ጋር ወሰን ተዋዋሉ። ሞያሌ ያኔ ፎርት ሃሪንግተን ነበረች፤ አዲስ አበባ በነበረው የእንግሊዝ መልእክተኛ በጆን ሃሪንግተን ስም የተጠራች ምሽግ። ውሉ በሁለቱም ወገን ያለው አርብቶ አደር እንደ ድሮው ግጦሽና ውኃ እንዲጠቀም ፈቅዷል። ነጋዴው ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ1902 ወጥቶ በነበረው ደንብ መሠረት ሰሜኑ የኬንያ ክፍል ዝግ አውራጃ ተደረገ፤ ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል። እንግዲህ በቻይና ገበያ በመድፍ ሲከፈት፣ በእኛ ዘንድ በወረቀት ተዘጋ። ዛሬም ይሄ ወረቀት ጎደለ ተብዬ ዕቃዬ ፀሐይ ላይ ሲውል ያ ደንብ ትዝ ይለኛል።

ሙጫው ግን በቅሎ አያውቅም ወረቀት ጠብቆ። ቦረናዎች አጋርሱ የሚሉትን እናቶች ለመዥገር ከብት ይቀቡታል፤ የሽቶ ሰዎች ደግሞ ኦፖፖናክስ ብለው በውድ ይፈልጉታል። ከእኛ እጅ ሲወጣ «ሙጫ» ተብሎ በኪሎ ነው የሚመዘነው። እንግሊዙ የአያቶቹን ጥፋት ሳይቀር ስም አውጥቶለት ይሸጣል፤ እኛ መልካሙን ዕቃ ባዶ ጆንያ ውስጥ ጨምረን እንልካለን። ማንን እወቅሳለሁ? ሃያ ዓመት ስነግድ እኔም አንድ ቃል ጽፌበት አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት በላክሁት ጭነት ላይ በማርከር «አጋርሱ፣ ሞያሌ» ብዬ ጻፍሁ። ናይሮቢ ያለው ደንበኛዬ ደውሎ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለኝ። ግማሽ ሰዓት አወራን። ዋጋው ላይ ገና አልተስማማንም።