በተፎካካሪ ደጅ ገዢ ሆኖ መቆም

በአገራችን የገበያ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም እህል ወይም በርበሬ ለመሸጥ የመጣ ሰው ጆንያውን ከመፍታቱ አስቀድሞ ገበያውን አንድ ጊዜ ዞሮ፥ ጎረቤቱ ምን እንዳቀረበ፥ ስንት እንደሚጠራ፥ ገዢውም በየትኛው መደብ ፊት ደጋግሞ እንደሚቆም ማየቱ ነው። ሁለተኛም ልማድ አለ፤ የራሱ ሸቀጥ የሌለው ደላላ ሻጭንና ገዢን አገናኝቶ ነገሩ ሲያልቅ ድርሻውን ይቀበላል። እነዚህ ሁለት ልማዶች በአሜሪካ አገር፥ ኢንተርኔት ገና በሕፃንነቱ ሳለ፥ በሌላ መልክ ተገናኝተው አፊሊየት ማርኬቲንግ የተባለውን ሥራ አስገኙ። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን የሚኖሩ ወጣቶቻችን ይህን ሥራ ለመያዝ ሲነሡ፥ ከሁሉ አስቀድመው የተፎካካሪዎቻቸውን ድረ ገጽ እንዲመረምሩ ይመከራሉና፥ ምክሩ ከወዴት እንደ መነጨና በመንገዱ ላይ ምን እንደ ደረሰበት መተረክ የሚገባ መስሎ ታየኝ። ዘመናቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የነገሩ ጥንት አበባ ነው። ዊልያም ቶቢን የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ በ1989 ዓ.ም.፥ ዓለም አቀፉ ድር ለሕዝብ ሳይገለጥ፥ ፕሮዲጂ በተባለው የኮምፒዩተር መስመር ላይ የአበባና የስጦታ መደብር አቁሞ፥ ከየሽያጩ ለመስመሩ ባለቤት ድርሻ ይከፍል ነበር። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ሲዲናው የተባለው የሙዚቃ መደብር፥ መንታ ወንድማማቾች በወላጆቻቸው ቤት ምድር ቤት የመሠረቱት፥ ስለ ዘፈን በድረ ገጹ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ወደ መደብሩ ቢመራና ሽያጭ ቢገኝ የሚከፈልበትን ሥርዓት አወጣ። በዚያው ዓመት ሉ ሞንቱሊ የተባለ፥ የድር ማሰሻ የሚሠራው የኔትስኬፕ ድርጅት መሐንዲስ፥ ጎብኚው ከየት እንደ መጣ ለማስታወስ የሚያገለግለውን፥ ኩኪ የሚባለውን ትንሽ ምልክት ፈለሰፈ፤ ደላላው በሌለበት ስለ ደላላው ሊመሰክር የሚችል ምስክር በዚህ ተገኘ።

ነገር ግን ልቡናዬ ከሁሉ አብልጦ የሚያርፍበት ታሪክ፥ በዚያው በ1994 ዓ.ም. በኒውዮርክ በአንድ የገንዘብ ድርጅት ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው፥ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 30 ዓመት የሆነው ጄፍ ቤዞስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያደረገው ምርመራ ነው። በኢንተርኔት ሊሸጡ ይችላሉ ያላቸውን 20 ያህል የሸቀጥ ዓይነቶች በዝርዝር ጽፎ አንድ በአንድ ከመረመረ በኋላ መጽሐፍን መረጠ፤ ምክንያቱም መጽሐፍ በማንኛውም መደብር ቢገዛ ያው መጽሐፍ ስለ ሆነ ገዢው ስለ ጥራቱ አይጠራጠርም፤ በሽያጭ ላይ የሚገኙት የመጻሕፍት ዓይነቶችም በሚሊዮን የሚቈጠሩ ስለ ነበሩ ሁሉንም ሊይዝ የሚችል ሕንፃ በምድር ላይ አልነበረም፤ ይህም ሁሉ ሆኖ የጅምላ ንግዱ በአብዛኛው በሁለት ታላላቅ አከፋፋዮች እጅ ነበረ። እሱ ግን በዚህ የወረቀት ሐተታ አልረካም። በዚያ ጊዜ በኢንተርኔት መጽሐፍ የሚሸጡ ጥቂት መደብሮች ነበሩና፥ ከነሱ ከአንዱ፥ በካሊፎርኒያ በፓሎ አልቶ ከተማ ይገኝ ከነበረው ፊውቸር ፋንታሲ ከተባለው፥ እንደ ማንኛውም ገዢ ገንዘቡን ከፍሎ በልብ ወለድ ደራሲው በአይዛክ አሲሞቭ ስም የተሰየመ አንድ መጽሐፍ አዘዘ። መጽሐፉ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲደርስ በመንገድ እጅግ ተጐድቶ ነበር። በዚያ የተቀደደ ወረቀት ላይ ያነበበው፥ በዚህ ንግድ ገና ማንም ሰው የተሟላ ሥራ አለመሥራቱን ነው። ከዚያም በመስከረም ወር ወደ ኦሪገን ግዛት፥ ወደ ፖርትላንድ ሄዶ፥ የአሜሪካ መጽሐፍ ሻጮች ማኅበር ለጀማሪዎች በሚሰጠው ትምህርት ላይ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ተቀመጠ። መደብሩን አማዞን ብሎ የከፈተው በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. ነው፤ ዓመት ሲሞላውም፥ በሐምሌ 1996 ዓ.ም.፥ በየድረ ገጹ የሚጽፉ ሰዎች ገዢ እየላኩ ድርሻ የሚቀበሉበትን ማኅበር አቆመ።

እኔ ይህን የተጐዳ መጽሐፍ እጅግ አከብረዋለሁ፤ በታሪኩ ውስጥ ከሚገኙት የገንዘብ አኃዞች ሁሉ ይልቅ የሚያስተምረኝ እሱ ነው። ሰውየው የተፎካካሪውን ገጽ አልቈጠረም፥ ቃሉንም አልቀዳም፤ በደጁ ላይ ገዢ ሆኖ ቆመና ገዢ የሚያየውን አየ። ገበያውን ዞሮ የሚመለከተው የኛ ሻጭ ከጎረቤቱ ጆንያ በርበሬውን በእጁ ዘግኖ የሚያሸተውም ስለዚሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን የምርመራው ጠባይ ተለወጠ። በ1996 ዓ.ም. ብሩስተር ኬልና ብሩስ ጊሊያት በሳን ፍራንሲስኮ አሌክሳ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ ስሙም በጥንታዊቷ እስክንድርያ ለነበረው ታላቅ ቤተ መጻሕፍት መታሰቢያ ነው። አሌክሳ ሰዎች የትኛውን ድረ ገጽ እንደሚያዘወትሩ እያጠራቀመ ለየገጹ ደረጃ ይሰጥ ነበርና፥ ሥራ የሚጀምር ሰው ከቤቱ ሳይወጣ የጎረቤቱን ገበያ ብዛት የሚገምትበትን መለኪያ አገኘ፤ በ1999 ዓ.ም. አማዞን ራሱ ድርጅቱን ገዛው። ከዚህ ወዲያ መሣሪያ በመሣሪያ ላይ እየተጨመረ፥ የተፎካካሪው ገጽ በየትኛው ቃል እንደሚፈለግ፥ ማን እንደሚጠቅሰው፥ የቱ ጽሑፉ ብዙ አንባቢ እንዳለው በደቂቃ የሚታወቅበት ዘመን መጣ። ነገሩ ለትጉህ ሰው ታላቅ ረድኤት ነበረ። ለብዙዎች ግን የመቅዳት ፈተና ሆነባቸው፤ አልጋውን ያልተኛበት ስለ አልጋው፥ ድስቱን ያልጣደው ስለ ድስቱ፥ ሌላው የጻፈውን ቃል ብቻ ገለባብጦ ምስክርነት ይሰጥ ጀመር፤ አንድ ዓይነት ምስጋና በሺህ ገጾች ተደጋገመ። ያላዩትን አየን ብሎ መመስከር በግብረ ገብም በሕግም የተነቀፈ መሆኑን ስለማውቅ፥ ይህን የታሪኩን ክፍል ያለ ኀዘን ልጽፈው አልችልም። ጉግል በኅዳር 2003 ዓ.ም. በፍለጋ ሥርዓቱ ላይ ባደረገው፥ የሙያው ሰዎች ፍሎሪዳ ብለው በጠሩት ለውጥ፥ ኋላም በየካቲት 2011 ዓ.ም. ፓንዳ በተባለው፥ ከእንዲህ ያሉት ገጾች ብዙዎቹን ከፊት መደብ ወደ ኋላ ጣላቸው፤ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽንም በ2009 ዓ.ም. ድርሻ የሚቀበል ሰው መቀበሉን ለአንባቢው እንዲገልጥ የሚያዝ መመሪያ አወጣ።

የተፎካካሪን ገጽ ቢመረምሩት የማይታይ አንድ ነገርም ነበረ፤ ይኸውም ድርሻውን የሚቈርጠው እጅ ነው። በ2008 ዓ.ም. የኒውዮርክ ግዛት በግዛቲቱ የሚኖሩትን፥ ገዢ እየላኩ ድርሻ የሚቀበሉትን አገናኞች ምክንያት አድርጎ ከሻጩ ድርጅት ቀረጥ የሚሰበስብበትን ሕግ ሲያወጣና ሌሎች ግዛቶች ሲከተሉት፥ አማዞን በአንዳንዶቹ ግዛቶች ከሚኖሩት አገናኞች ጋር የነበረውን ውል አፈረሰ። በሚያዝያ 2020 ዓ.ም. ደግሞ ለቤት ዕቃ ይከፍል የነበረውን 8 በመቶ ወደ 3 አወረደው። ገጹ ሳይለወጥ፥ ገዢውም ሳይጐድል፥ የደላላው እንጀራ ተቈረሰ።

አሌክሳ በግንቦት 2022 ዓ.ም. ተዘጋ። ብሩስተር ኬል በዚያው በ1996 ዓ.ም. ለብቻው ያቆመው የኢንተርኔት ቤተ መዛግብት ግን እስከ ዛሬ አለ፤ ማደሪያውም በሳን ፍራንሲስኮ፥ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ፥ ነጫጭ ዐምዶች ባሉት ሕንፃ ውስጥ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ደጁ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ፥ ይህን ሥራ የሚጀምር ወጣት ዛሬ ከአዲስ አበባ ሆኖ የአንድን ድረ ገጽ ስም ቢጽፍ፥ ባለቤቱ በመጀመሪያው ዓመት በገዛ እጁ ስለ ያዘው ዕቃ የጻፈውን፥ በአምስተኛው ዓመት ከጎረቤቱ የቀዳውን፥ በመጨረሻም ገጹ ባዶ የሆነበትን ቀን፥ በብራና ላይ እንደ ተጻፈ ዜና መዋዕል በየተራው ሊያነብብ ይችላል።