ቀን ስላልተቈረጠለት ሥራ

ሥራ ሁሉ በተሰጠው ጊዜ ልክ የመስፋት ጠባይ አለው። ይህንንም እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ሲረል ኖርዝኮት ፓርኪንሰን በ1948 ዓ.ም. ዘ ኢኮኖሚስት በተባለው መጽሔት ላይ እንደ ሕግ አድርጎ ጻፈው። ለምስክርም የአገሩን የባሕር ኃይል አቀረበ፤ ከ1906 እስከ 1920 ዓ.ም. ታላላቆቹ የጦር መርከቦች ከ62 ወደ 20 ሲወርዱ የመሥሪያ ቤቱ ሹማምንትና ጸሐፍት ግን ከ2,000 ወደ 3,569 ወጡ።

እኛ ግን ለዚህ ነገር ምስክር ፍለጋ ባሕር መሻገር አያሻንም፤ በጣና ዙሪያ ሁለት ታሪክ አለንና።

ፊተኛው የዓፄ ቴዎድሮስ ነው። ከጣና በስተምሥራቅ በጋፋት ያሠሩትን፥ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። ለመድፉ የሚሆን መንገድ አልነበረም። ገደሉን እያስፈለጡ፥ ድንጋዩን እያስነሡ፥ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር እየደከሙ ስድስት ወር በማይሞላ ጊዜ አደረሱት። ምን አፋጠናቸው ቢሉ፥ የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ዳር ተነሥቶ ይመጣ ነበርና ነው። ቀኑን የቈረጠው ጠላት ነበር።

ኋለኛው የጣና ግድብ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል፥ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት በጣና፥ በዓባይና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ደብዳቤን ወለደ። በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ ወደ አሜሪካ ሄደው ከጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ፤ መሐንዲሶችም መጥተው የሐይቁን መውጫ ለኩ። ነገር ግን በ1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦርነት እስኪመጣ ድረስ ግድቡ አልተጀመረም። በባሕር ዳር አጠገብ የጨረጨራ መቈጣጠሪያ ግድብ የተሠራው በ1988 ዓ.ም.፥ ከውሉ 94 ዓመት በኋላ ነው።

በእርግጥ መዘግየቱ ከስንፍና ብቻ አልመጣም፤ መንግሥታችን ሐይቁን ለባዕድ አሳልፎ ላለመስጠት መጠንቀቁ ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ጥንቃቄና ቀን ማጣት የተለያዩ ናቸው። ጥንቃቄ የሚመረምረውን ያውቃል፥ መርምሮም ይወስናል፤ ቀን ያልተቈረጠለት ምርመራ ግን ሌላ ምርመራ ይወልዳል።

ችኰላንም አናመስግን፤ መድፉ በጊዜው ቢደርስም መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመያዝ አልዳነችም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ሥራችንን በጀመርን ጊዜ የሚያልቅበትን ቀን አስበን እኛው እንቍረጥ፤ እኛ ካልቈረጥነው ጠላት ይቈርጠዋልና።